ባለ አንድ ወረቀቷ

የመራጮች መዝገብ እጄ እንደገባ የሲግኔን ስም ፈልጌ ያየሁት በሥራ ትጋት አይደለም፤ በክፋት ነው። ሲግኔ ስቶክሆልም ሄዳ ስድስት ዓመት ሙሉ እህቷን ስታስታምም ኖራ፣ በጸደይ ወደ መንደራችን ተመልሳለች። እኛ ኦላንድ፣ ራሷን በምታስተዳድረው የፊንላንድ የደሴቶች ግዛት፣ ደግሞ ከደሴቶቹ ወጥቶ ከአምስት ዓመት በላይ የኖረ ሰው የአገር ልጅነት መብቱን ያጣል። ለወረዳው ምክር ቤት ይመርጣል፤ ለደሴቶቹ ምክር ቤት ግን አይመርጥም። እንደ ሌላው ሁለት የምርጫ ወረቀት ሳይሆን አንድ ብቻ ይሰጠዋል።

ደውዬ ለብቻዋ ልነግራት እችል ነበር። አልደወልኩም።

ቂሜ ያረጀ ነው። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከዋናው ፊንላንድ በትዳር መጥቼ፣ የአገር ልጅነት መብቱን ገና ሳላገኝ፣ እዚሁ የትምህርት ቤት አዳራሽ ስሰለፍ፣ ወረቀት የምታድለው ሲግኔ ነበረች። መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ለዚች አንድ ወረቀት ብቻ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ የባሌ ዘመዶች ሳይቀሩ «ባለ አንድ ወረቀቷ» አሉኝ። መብቱን አግኝቼ፣ አልፎም የምርጫ ጣቢያው ሰብሳቢ ሆኜ እንኳ ያ ስም ከሆዴ አልወጣም።

እሑድ ረፋዱ ላይ የክት ካፖርቷን ለብሳ መጣች። የጥሪ ካርዷን ምን እንደሚል ሳታነብ አጥፋ ይዛዋለች። ሰልፉ ከኋላዋ እስከ በሩ ደርሷል።

«ሄልሚ! ደግሞ አንቺ ሆንሽ አለቃችን?» አለች እየሳቀች። «በይ ቶሎ በይ፣ ድንቼን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

«ለእርስዎ አንድ ወረቀት ብቻ!» አልኩ፤ ልክ እንደ እሷ ጮክ ብዬ።

ዓሣ አጥማጁ ሮልፍ ከሰልፉ ውስጥ፣ «ምነው፣ ሲግኔም መጤ ሆነች እንዴ?» ሲል ሰዎች ሳቁ። የሲግኔ ፊት ቀላ። ያን ሳቅ ሃያ አራት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ፤ ሲመጣ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «የዚያን ጊዜውን ታስታውሺዋለሽ አይደል?»

«የምኑን?» አልኩ። «አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅሽ ደጅሽ ድረስ መጥቼ ነበር። አፍሬ ተመለስኩ።»

ሰኞ ዕለት ቤቷ ሄድኩ። በመስኮት አየኋት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ እንደማስታውስ መናገር አለብኝ፤ ዋሽቼዎታለሁ ማለት አለብኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ።

እሷ ያን ለመናገር ሃያ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም፤ ሲግኔ ሰማንያ ሊሞላት ነው።