ህመምን በግማሽ የምትቀንሰው እናት

ቤት ውስጥ የልጅቷ ስም አምቡላንስ ነው። ጣቷን በር ነካ ካደረጋት በቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እናቷ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠራባትን ዋጋ በግማሽ ስትቆርጥ ኖራ ኖራ፣ የልጇንም ህመም እንደዛው ነው የምትቆርጠው። "በጣም አመመኝ" ስትላት "ትንሽ" ብላ ትሰማለች። "ትንሽ" ካለቻት ደግሞ አለቀ፣ ጤነኛ ናት። ስለዚህ ምስኪኗ ሁሌ እጥፍ አድርጋ ትጮሃለች። ምን ታድርግ?

ይሄን ሰሞን ግን ጉልበቷን የምር ያማታል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ማን ይመናት! ጣቃ ጨርቁን ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የእናቷ ሱቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲው አንጎል በሚያነሳ ማሽን ህመም የሚያጠናበት እናትና ልጅ ይፈልጋል ተባለ። እናትየው ዓይኗ በራ።

"ማሽኑ ይዳኘን" አለች። "ያማታል ካለ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። አያማትም ካለ ግን የጉልበት ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ።"

"እሺ" አለች አምቡላንስ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ማሽኑ ውስጥ ይተኛል፣ ማሽኑ አንጎሉን ፎቶ ያነሳል። እግሩ ላይ የታሰረች ትንሽዬ ነገር ትሞቃለች፣ እሱ ደግሞ ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንዳመመው ይናገራል።

መጀመሪያ ልጅቷ ገባች። እግሯ ለብ አለ። ለብ ብቻ።

"ስንት?" አለች ተመራማሪዋ በድምፅ ማጉያ።

"አስር።" መነሻ ዋጋ ነዋ።

"አስር። ጻፍኩ።"

አምቡላንስ ጠበቀች፣ ጠበቀች። "አይቀንሱም እንዴ?"

"ለምን እቀንሳለሁ? ያመመው አንቺን ነው።"

ወይ ጉድ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ገዢ ገጥሟት አያውቅም። ወዲያው ሁለተኛው ሙቀት መጣ። ይሄኛው ይለበልባል፣ ቁጥሩ ግን አልቋል።

"እ... አስራ ሦስት ይቻላል?"

"አይቻልም።"

"እንግዲያው የበፊቱን አንድ ያድርጉልኝ፣ ይቀንሳሉ ብዬ ነው። ይሄኛው ስድስት ነው።"

ተመራማሪዋ ሳቋን አፍና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመረች።

ቀጥሎ እናትየው። ብረት ነገር ማውለቅ ነበረባት፣ ከቀሚሷ ብቻ አስራ አንድ መርፌ ቁልፍ ወጣ። ተኛች። ያው ልጇን ስድስት ያስባለው ሙቀት መጣ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ማን ነግሯት።

"ኧረ እግሬን... ኧረ የት አባቴ ገባሁ" ይላል ድምፅ ማጉያው በሹክሹክታ።

"እናቴ፣ ስንት ነው?"

"ሁለት።" ድምፅዋ ኮራ አለ። "እሱም ለእናንተ ብዬ ነው።"

አምቡላንስ ውጪ ተመራማሪዋ አጠገብ ተቀምጣ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች።

በኋላ ተመራማሪዋ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ከፈተች። ሲያም የሚነቁት የአንጎል ቦታዎች ቀይ ናቸው። የልጅቷ ቀልቷል። የእናትየው ግን መብራቱ ሁሉ የበራ የሰርግ አዳራሽ ነው የሚመስለው።

"ይሄ የማን ነው?" አለች እናትየው።

"የእርስዎ።"

"ሁለት እኮ ነው ያልኩት። የልጄን ጉልበትስ ያማታል ይላል?"

"እኔም ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። ማሽኑ ዳኛ አይደለም እናቴ፣ የማንንም ቃል አይሽርም። ጉልበቷንም አላየም። እሱን እሷኑ ይጠይቋት።"

እናትየው ፎቶውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ደግማ ፎቶውን አየች።

"ጉልበትሽ ስንት ነው?"

ዘጠኝ የአምቡላንስ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። "አምስት። ደረጃ ስወጣ ሰባት።"

ከዛ ቅነሳውን ጠበቀች። አሁን ሁለት ተኩል ትለኛለች፣ አሁን...

"ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች እናትየው። "ሱቁ ይዘጋ።"

ብላ ከወንበሩ ስትነሳ ወገቧን ያዝ አደረገች።

"እማዬ፣ ወገብሽስ?"

"ሁለት።"

ልጅቷ አልተከራከረችም። ስልኳን አውጥታ ሐኪም ቤት ደወለች። "ለነገ ወረፋ ፈልጌ ነበር" አለች። "ለሁለት ሰው።"