የወተት ባምፐር

የልሳነወርቅ መኪና የወተት ባምፐሩን የነቀለው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። መካኒኩ ሙዘይን እንደሚለው ትንሽ ዘግይቷል፤ ቢሆንም መኪናም እንደ ሰው ነው፣ ሁሉም በጊዜው ይነቅላል፣ የሚያሳስብ ነገር የለውም።

ሲጀመር ማንም የወተት ነው ብሎ አላሰበም። ልሳነወርቅ ሐዋሳ ውስጥ ከትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሥራው በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አሁን በነጭ አውቶሞቢሉ ሙሽሮች ያመላልሳል። ቅዳሜና እሁድ መኪናውን በሪባን ያስጌጣል፣ የቀረውን ሳምንት ያጥበዋል። እሱና የውብዳር የምትባለው ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ በወጣትነታቸው ብዙ ተነጋግረው፣ ብዙም ተላቅሰው ጨርሰዋል፤ አሁን በቤቱ ሰላም ነው። መኪናውን የገዙት ገና ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይገፈፍ ነው። የውብዳር ላስቲኩን ስትገፍፍ እልል ብላለች፤ ዛሬ ስትጠየቅ ግን አላልኩም ትላለች።

አንድ እሁድ ልሳነወርቅ ከሠርግ ቤት ሲወጣ የድንኳኑን ምሰሶ ገጨ። የፊት ባምፐሩ ከቀኝ መብራቱ ሥር እስከ ታርጋው ድረስ ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም፤ ሙሽሪት እንኳ ከስልኳ ቀና አላለችም። በማግስቱ ሙዘይን ስንጥቁን በጋለ ብረት አቅልጦ ገጠመው፣ ከጀርባው ሽቦ አለበሰው፣ ሞርዶ ቀለም ቀባው። ጥሩ ሥራ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ስፌቱ ለቀቀ። ደግሞ ሰፋው፣ ደግሞ ለቀቀ።

ልሳነወርቅ እንደገና ሲመጣ ሙዘይን ብረቱን አላጋለም። የባምፐሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ባምፐሩ ተነቃነቀ። መኪናው የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሸሸ።

"ያመዋል" አለ ሙዘይን። "ስንት ዓመቱ ነው ጋሼ?"

"ዘጠኝ ሞላው።"

"ባምፐር ቀይሮ ያውቃል?"

"ኧረ በፍጹም። አብሮት የመጣው ነው።"

ሙዘይን በባትሪ ከሥር አየና ልሳነወርቅንም ጎንበስ እንዲል ጠራው። ከብሎኖቹ ኋላ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች። ልሳነወርቅ ነካ አደረጋት። ጠንካራ ነበረች፤ ሞቅም ትላለች።

"ስፌት የማይዘው ለዚህ ነው። ከሥር ሌላው እየገፋው ነው" አለ ሙዘይን ባትሪውን እያጠፋ። "የወተት ነው።"

ልሳነወርቅ ስለ መኪና ብዙ ሰምቷል፤ ይህን ግን ሰምቶ አያውቅም። ቢሆንም ሙዘይን ዋሽቶት አያውቅም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ምንም። እንዳይጎትቱት ብቻ። ራሱ ይወልቃል። ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወረውሩና 'አሞራ፣ አሮጌውን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ' ይሉለታል፤ ለልጅ እንደሚባለው። ግን አደራ፣ ጋሼ። የወተቱ አንዴ ነው። ከዚያ የሚበቅለው የዕድሜ ልክ ነው።"

ልሳነወርቅ ለሚስቱ አልነገራትም። ክፋት አልነበረበትም። በዚህ ዕድሜው ይህን የመሰለ ወግ ይደርሰኛል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ፣ ደስታውን ለጥቂት ቀን ብቻውን በኪሱ ይዞ መዞር አማረው። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ይጎነበስና ባምፐሩን በስሱ ነካ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ይገባል። የውብዳር በመስኮት እያየችው ሽማግሌው ጤና የለውም ትላለች።

ባምፐሩ የወለቀው ልሳነወርቅ እድር በሄደበት ቀን ነው። የውብዳር ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ዷ የሚል ድምፅ ሰምታ ስትዞር የተሰነጠቀው ፕላስቲክ መኪናው እግር ሥር ተጋድሟል። ታርጋውን ፈትታ አስቀረች። ቀሪውን ምን እንደምታደርገው ስታስብ በአጥሩ በኩል "ልዋጭ! ያረጀ፣ የተሰበረ፣ ልዋጭ!" የሚል ድምፅ መጣ። የልዋጩ ሰው ጋሪውን እየገፋ ነበር፤ ጋሪው ላይ ሳፋ፣ ጆግና ኩባያ ተደርድሯል። የውብዳር ባምፐሩን አንስታ ሰጠችውና በጣቷ አንድ ሰማያዊ ሳፋ አመለከተች።

"አሮጌውን ወስደህ አዲሱን ስጠኝ" አለችው። ለልዋጭ ሌላ ምን ይባላል።

ልሳነወርቅ ሲመለስ የመኪናውን ፊት ባዶ ሆኖ አየና ልቡ በደስታ ዘለለ። ባምፐሩ የት እንዳለ ሲጠይቅ የውብዳር ሳፋውን አሳየችው። ቆንጆ ሳፋ ነው፤ ሦስት ካልሲ ተዘፍዝፎበታል። ልሳነወርቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ሁሉንም ነገራት። ትስቃለች ብሎ ነበር፣ አልሳቀችም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎኝ ነው።"

"ደስታን ለብቻ መብላት ከየት ያመጣኸው ጠባይ ነው?" አለችና ካልሲዎቹን ከሳፋው አወጣች።

በማግስቱ ነጯ ጫፍ ሰማያዊ ሆና አደረች። ከዚያ እድገቷ ፈጠነ። በሳምንቱ አጋማሽ ክብ ከንፈር ወጣ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ታጠፈ፣ በጎኑም ለመስቀያ የምትሆን ቀዳዳ ተከፈተች። ከመብራት እስከ መብራት የበቀለው ነገር ሳፋ እንደሆነ ማንም አይቶ ይናገራል። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ እያጮለቀ ይስቅ ጀመር። መኪናው ቀን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም አመጣ፤ ልሳነወርቅ ወደ በሩ አዙሮ ያቆመዋል፣ ዞር ብሎ ሲመለስ ግድግዳ እያየ ያገኘዋል።

ለመጪው እሁድ መኪናውን የተከራየው ሚዜ መጥቶ አንድ ጊዜ ዞረው።

"ሳፋው ይነሳል?"

"አይነሳም። የበቀለ ነው።"

"ሙሽራዋን አናግሬ እደውላለሁ" ብሎ ሄደ። እንደማይደውል ሁለቱም ያውቃሉ። ልሳነወርቅን ግን እንጀራው መቅረቱ ብቻ አልነበረም ያሳዘነው። ይህ ፍጡር ዕድሜ ልኩን ሳፋ ተሸክሞ ሊዞር ነው፤ ጥፋቱም ደስታውን ከሚስቱ የደበቀው የእሱ ነው።

ሙዘይን መጥቶ ሰማያዊውን ከንፈር በጥፍሩ ጫን አለው። ጥፍሩ ምልክት ተወ።

"ገና ለስላሳ ነው። ሳይደርቅ ይመለሳል። ግን ልዋጩን ማፍረስ አለባችሁ፤ እሱ ሳይፈርስ ጣሪያው አይቀበልም።"

"መቼ ይደርቃል?" አለች የውብዳር።

"በዚህ ፀሐይ? ቅዳሜን አያልፍም።"

መኪናው አልወጣም ስላለ ባልና ሚስቱ በባጃጅ ሄዱ። የውብዳር ሳፋውን አጥባና አድርቃ ጭኗ ላይ ይዛለች። የልዋጩን ሰው ሰፈር ለሰፈር ጠይቀው፣ ያየሁት ወዲያ ነው፣ ያየሁት ወዲህ ነው ሲባሉ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ከዓሣ ገበያው ጀርባ አገኙት። ታረቀኝ ይባላል። ጋሪውን አቁሞ፣ ባምፐሩን መሬት ላይ አጋድሞ፣ እሱ ላይ ተቀምጦ ይበላል።

"ልዋጭ አይመለስም፣ እትዬ" አለ ገና ሳፋውን ሲያይ።

"ሳፋህ ምንም አልሆነም። ወድጄው ነበር።"

"ከወደዱት ምን አመጣዎት?"

የውብዳር ውሸት ብትፈልግ አልመጣላትም። "መኪናችን ሳፋ እያበቀለ ነው" አለችው።

ታረቀኝ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ። "ይሄንኑ ሳፋ?"

"ይሄንኑ። ሰማያዊ።"

"ከነቀዳዳው?"

"ከነቀዳዳው።"

እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የላይ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ አሳያቸው። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር፤ ነጭ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ድዱ ውስጥ በደንብ የተተከለ።

"እናቴ ናት" አለ። "የወተት ጥርሴን ልትወረውር ይዛው ስትወጣ ጎረቤት ጠራቻትና ወሬ ያዙ። ስትገባ ቁልፍ መስሏት ከቁልፎቹ ጋር ከተተችው።"

"ወይኔ ልጄን" አለች የውብዳር። "ያስቸግርሃል?"

"ሙዝ ምንም አይለኝም። ቆሎ ነው የሚያስቸግረኝ።" ተነሳና የሱሪውን ቂጥ አራገፈ። "ለእኔ የዞረልኝ ሰው የለም። ውሰዱት።"

የውብዳር ሳፋውን አቀበለችውና ባምፐሩን ተረከበች። ልሳነወርቅ ባምፐሩን ከእጇ ተቀበላት። የውብዳር ታረቀኝን ግንባሩን ሳመችው። ባምፐሩ ባጃጁ ውስጥ ስላልገባ በሁለት ጎን ወጥቶ፣ መንገደኛው እየሸሸላቸው ቤት ደረሱ።

የሚወረውረው ማነው የሚለው ጥቂት አነጋገረ። ሙዘይን ያሳደገው ይወርውር አለ። ያሳደጉት ሁለቱም ስለሆኑ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ያዙት። ጣሪያው ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሟል፤ ከዓሣ ገበያው እየመጣ በየቆርቆሮው ላይ የሚውለው ያ መላጣው፣ አንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት ትልቅ አሞራ። ለማንም ቦታ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

የውብዳር ቃሉን ከመናገሯ በፊት አሰበችበት። አዲሱን ስጠኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ አይታለች፤ በዓለም ላይ አዲስ ነገር ብዙ ነው። ስለዚህ ቃሉን አጠበቀችው።

"አሞራ፣ አሮጌውን ወስደህ የራስህን ስጠው" አለች። ወረወሩት።

ባምፐሩ ቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ ቆመ። አባ ኮዳው ቀስ ብሎ እየተራመደ መጣ፤ ቆርቆሮው በየእርምጃው ተንቋቋ። ባምፐሩን ከአንድ ጎን በመንቁሩ አነሳው፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገና ዋጠው። ሲውጥ አልቸኮለም። ባምፐሩ በረጅሙ አንገት ሲወርድ፣ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ሲዞርና ሲደላደል ከታች ይታይ ነበር። ከዚያ አሞራው ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሐይቁ በረረ።

"ተቀብሏል" አለ ሙዘይን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ሳፋው በማግስቱ ጠዋት ወልቆ ተገኘ። ከሥሩ የወጣው ነጭ ነበር፤ በሁለት ቀን ከመብራት እስከ መብራት ሞላ። ብሎን የለውም፣ መገጣጠሚያም የለውም። ሙዘይን በመዳፉ ዳሰሰውና ቀለም አይፈልግም አለ፤ ሲያንኳኳውም እንደ አጥንት ነው የሚሰማው። ልሳነወርቅና የውብዳር አብረው አጠቡት። መኪናው ከግድግዳው ዞሮ በሩን ያይ ጀመር፣ የጎረቤት ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ሄደ፣ የውብዳርም ስልኳን አንስታ ሚዜው ዘንድ ራሷ ደወለች።

እሁድ ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሱ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ልሳነወርቅ መኪናውን ውሃው አፋፍ ላይ አቁሞ ከሚስቱ ጋር ጥላ ያዘ። የተጠበሰ ዓሣ መጣላቸው። ከሩቅ የሙሽሪት ቬሎ በነፋሱ ይነሳል፤ ፎቶ አንሺው ፈገግ በሉ ይላል። ልሳነወርቅ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ብሎኛል ብሎም ነገራት።

"እኔም" አለች የውብዳር፣ ዓሣውን እየፈለቀቀች። ቆየችና "የእጅ ፍሬን ይዘህለታል?" አለች።

"ይዤለታለሁ።"

"እንግዲያስ ተወው። ደክሞት ይሆናል።"

መኪናው በሦስት ጎማ ቆሞ ነበር። የፊት ግራ ጎማውን እንደ አባ ኮዳ እግር ከመሬት አንስቶ ወደ ሆዱ ሰብስቦታል፤ ከጎማው የሐይቅ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አይንገዳገድም። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስታርፍ ከመብራቶቹ ሥር ስስ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፣ ከደናቸው፣ ጥቂት ቆየ፣ ተመልሶ ወረደ። ሲወርድ ሁለቱም መብራቶች ያረፉት የውብዳር ሳህን ላይ ነበር።