የትኩሴ ዳቦ ቤት

ልብስ ሰፊው የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ሟቹ መጀመሪያ የጋገራት ዳቦ በር ማስደገፊያ ሆና እንደነበር ሲያወራ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሳቅ አመለጠ። ሰዎቹ ወዲያው አፋቸውን ያዙና ወደ ሐዘንተኛዋ ሚስት ዞሩ። እሷም ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋን ቶሎ ዋጥ አድርጋ፣ ጥግ ወደተቀመጡት ወደ ባሏ ታላቅ እህት ሰረቅ አድርጋ አየች። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። እትዬ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። ዝም ብለው ያዩዋታል።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያስጨነቃት ይሄ ዝምታ ነው።

ባሏን ሰው የሚያውቀው ትኩሴ በሚል ስም ነበር። ድሮ ቀለም ቀቢ ነበር። የሰው ግድግዳ ሲቀባ ውሎ ይገባና እሷ የጋገረችውን እየገመጠ፣ ይሄን እኮ ሰው ተሰልፎ ይገዛዋል ይላታል። አንድ ቀን ብሩሾቹን አጣጥቦ ለጓደኛው ሰጠና፣ ከአባቱ ቤት ሥር ያለውን ዕቃ ማስቀመጫ ጠርጎ ምድጃ መሥራት ጀመረ። ጢስ ማውጫውን ነፋስ በሚመጣበት በኩል አዞረው። ደንበኛ ዳቦ የሚገዛው ዓይኑን እያበሰ ሆነ። የዳቦው ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ነው። ደግነቱ ሁለቱም ተስፋ የሚቆርጡ አልነበሩም። ጢስ ማውጫው ፈርሶ ተሠራ፤ እሷ ታቦካለች፣ እሱ ይጋግራል፤ ውሎ አድሮ ዳቦው መልክ ያዘ። ማለዳ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ «ትኩስ! ትኩስ!» እያለ ሲጣራ ሰፈሩ ስሙን ቀየረለት።

ዱቄቱ ግን አልተስማማውም። ሳሉ ሲበረታበት ሐኪሙ ብናኙ ሳንባውን እየጎዳው መሆኑን ነግሮ ከዳቦ ቤቱ እንዲርቅ አዘዘው። የሱ መራቅ ወንበሩን አውጥቶ ከመስኮቱ ውጭ መቀመጥ ነበር። በመስታወቱ አሻግሮ በእጁ ያዛታል፦ ይውጣ፣ ይቆይ፣ እሳቱ ቀንሷል። በመጨረሻው ዓመት ደረጃ መውረድም አቃተው። ጋደም ካለ ትንፋሽ ስለሚያጥረው የሚተኛው ተቀምጦ ነው፤ እሷ ከጀርባው ሆና ትደግፈዋለች። ሊነጋ ሲል ትራስ አስደግፋው ወርዳ ታቦካለች።

ስለዚህ ሲሞት መጀመሪያ ልቧ ያለው፣ አሁንስ ተኛልኝ ነው። ከቀብር ተመልሳ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወደቀች፤ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። ስትነቃ እትዬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምንም አላሏትም።

ከዚያ ወዲህ እንባ እምቢ አላት። ሴቶቹ ሻይ እየቀዱ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ አንዷ ጨካኝ ናት ስትል ሌላዋ፣ ደርቃ ነው እንጂ ትላለች። ቤቱ የባሏና የእትዬ የአባታቸው ነው። ወንድሜ ከሌለ ሚስቱ ምኔ ናት ብለው ዳቦ ቤቱን ቢዘጉት እትዬን ማን ይከለክላቸዋል? ሌላ ሥራ አታውቅም። ሌላ ሥራም አትፈልግም።

እንግዳው ሳሳ ሲል እትዬ ተነሡና አብራቸው እንድትወርድ ጠሯት። ወደ ዳቦ ቤቱ ተከትላቸው ወረደች። ማቡኪያው እንደተሸፈነ ነው፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። እትዬ መዳፋቸውን ምድጃው ላይ አሳረፉ።

«ያን ቀን፣ ከቀብር መልስ፣ ስትተኚ አይቼሻለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። በሩ ላይ የቆምኩት ማንም እንዳይቀሰቅስሽ ብዬ ነው። አክስታችን ካልገባሁ ብለው ቢያስቸግሩኝ እሳቸውንም መለስኳቸው።»

ከዚያ ያልጠበቀችውን ነገሯት። መኝታቸው ከወንድማቸው ክፍል ጋር የሚዋሰነው በአንድ ግድግዳ ነው። ሲያስል እየሰሙ ይነጋል፤ ሳሉ ሲቆም ደግሞ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ትንፋሹን ያዳምጣሉ። ሲሞት እሳቸውም እፎይ ብለዋል። እህት ሆነው ይሄን ለማን ይናገሩታል? ቅድም ልብስ ሰፊው ሲቀልድም ሳቃቸውን ያፈኑት ጥርሳቸውን ነክሰው ነው።

«እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወደ ዘመዶቼ ልሂድ እንዳትይኝ።»

«የት እሄዳለሁ? ዳቦ ቤቱን የሚዘጉት መስሎኝ ነበር እንጂ።»

«እኔ? ለቅሶ ደራሹ የሚያመጣውን ዳቦ ሳኝክ መንጋጋዬ ሊወልቅ ነው፤ ጭራሽ ልዝጋው?»

ሁለቱም ሳቁ። በሳቁ መሃል እምቢ ያላት እንባ ገነፈለ። እትዬ ትከሻዋን ይዘው እስኪወጣላት ጠበቋት። ፊቷን በእጅጌዋ ስታብስ ከደረቷ ላይ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት፤ ከቀብሩ ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት።

በማግስቱ ማለዳ ምድጃው ተለኮሰ። ልብስ ሰፊው ጢሱን አይቶ የራሱን ሱቅ ሳይከፍት መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ መጠበቅ ያዘ። እሷ የዱቄቱን ጆንያ ልትፈታ ጎንበስ ስትል እትዬ «ቆይ» አሏት። ጥቁሩን የሐዘን ሻሽ ከራሳቸው ላይ ፈቱ። አጠፉት፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍነው ከኋላ አሰሩላት። እንዳይላላ በጣታቸው ሞከሩትና እንደገና ጠበቅ አደረጉት።

«በይ፣ አሁን ጆንያውን ፍቺው» አሏት።