ጥሩሸዋ ያስገዘተችው

አበልጄ ጥሩሸዋ እኔን ለመጠርጠር አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባትም። የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ልጇን ትሕትናን ክርስትና ያነሳሁላት፣ ስትወልድ ወገቧን ደግፌ የያዝኳት እኔ፣ ከቤቷ ነገር ሲወጣ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ ሆንኩ።

የሁለት ሺህ ሰባቱ ምርጫ ተቃርቧል። ባሏ ወዳጆ ቤቱ ተቀምጦ፣ «እኔስ ዘንድሮ ድምፄን የምሰጠው ለሙክቴ ነው፤ እሱ ቢያንስ ለባና፣ ለብርድ ልብሴ የሚሆን ጸጉር ይሰጠኛል» አለ። ሳቅን። እኔ ወንፊቷን ልመልስ ገብቼ ነበር፤ ትሕትና ጥግ ይዛ ታጠናለች፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ወዳጆ ቀበሌ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ቀልዱን፣ ሙክቱንም ጸጉሩንም ሳያስቀር፣ ደገመለትና፣ «መንግሥትን በበግ ልትለውጥ ነው?» ብሎ ለፖሊስ አስረከበው። ጣቢያ ከርሞ ሲመለስ ያ ተጫዋች ሰው ከሚስቱ ጋር እንኳ በጥቅሻ ማውራት ጀመረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን አወጣው ነው ጥያቄው። ያኔ ገበሬው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ ከአምስቱ ወሬ የሚያቀብለው የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ሁሉንም ይፈራል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ገብስ አረም ላይ ስለ ውርጭ ሲያወሩ የነበሩ ሴቶች እኔ ስደርስ ጸጥ ይላሉ። ስለ ውርጭ! ጥሩሸዋ ስሜን በየቤቱ እንዳዞረችው የገባኝ ያኔ ነው።

በማርያም ማኅበራችን ቀን፣ ጽዋው ከተቀመሰ በኋላ ጥሩሸዋ ብድግ አለች። እኛ አገር ላም ተሰርቆ ሌባው ሲጠፋ ቄስ ይገዝታል፤ ሌባው ግዝቱን ፈርቶ ራሱ ይወጣል።

«አባ፣ ከቤቴ ነገር ያወጣውን ሰው ይገዝቱልኝ» አለች፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።

አባ ገብረየሱስ አመነቱ። «ልጄ፣ ግዝት ስለት ነው። ማንን እንደሚቆርጥ አናውቅም።»

«የነካውን ይንካው!»

እኔም ደሜ ፈላ። «ይገዝቱ አባ! እኔም እሻለሁ!» አልኩ።

መስቀላቸውን አነሱ። «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ ከዚህ ቤት ነገር ያወጣ፣ አውጥቶም የደበቀ፣ የተገዘተ ይሁን!» አሜን አልን። ከሁሉም የኔ አሜን ይጮህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትሕትና እህል አልቀምስ አለች። እናቷ ጠበል አመላለሰቻት፤ ከሳች እንጂ አልተሻላትም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገብስ ማሳዬ ዳር ቆመችና፣ «እትዬ፣ ግዝት ልጅም ይይዛል?» አለችኝ።

ማጭዴን አስቀመጥኩ። «ምን አድርገሽ?»

ሰባተኛ ክፍል ናት። ዓርብ ዓርብ የተማሪዎች አደረጃጀት ኃላፊ የሆነው መምህር ሰብስቦ ይገመግማቸው ነበር። «ወላጆቻችሁን የምትወዱ ስህተታቸውን አትደብቁ፤ እኛ መክረን እናርማቸዋለን። እዚህ የተነገረ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ይላቸዋል። እሷ ዝም ስላለች በጓደኞቿ ፊት አድርባይ ተባለች። በሚቀጥለው ዓርብ ስለ ሙክቱ ተናገረች። አጨበጨቡላት፤ የቡድን መሪም አደረጓት።

«የሚመክሩት መስሎኝ ነው እኮ» አለችና አለቀሰች።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ስሜ ሊነጻ ነው! ቀጥሎ ግን የልጅቷን አጥንቱ የወጣ ጉንጭ አየሁ። ያን መምህር ባገኘው ኖሮ በማጭዴ አልምረውም ነበር። ሕፃን ልጅን በጭብጨባ አታሎ አባቷን ያስበላል?

እጇን ይዤ በቀጥታ አባ ገብረየሱስ ዘንድ ወሰድኳት። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። አንዲት ነፍስ ግዝቱን ፈርታ መምጣቷን ብቻ ነገርኳቸው። ትሕትናን አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ግዝት ይፈታል ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ያደረግሽውን በራስሽ አፍ ንገሪኝ፤ ያን ጊዜ እፈታሻለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግብሽም።»

እኔ ራቅ ልል ስነሳ ትሕትና ዘወር ብላ የቅጽሩን በር አየች፤ ቀጥላ እኔን፤ ቀጥላ እሳቸውን።

«አባ፣ እርስዎስ የሚያስተላልፉት ለማን ነው?»

«ለማንም አላስተላልፍም ልጄ። ለእግዚአብሔር ብቻ ነው።»

«መምህራችንም ከዚህ አይወጣም ብሎን ነበር።»

«እኔ መምህርሽ አይደለሁም፤ ካህን ነኝ» አሉና መስቀሉን ዘረጉላት። አልተሳለመችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ተከትዬ በሩ ላይ ክንዷን ያዝኩ፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ አብሬሽ ነኝ» አልኳት።

በዝግታ እጄን አስለቀቀችኝ። «ለአንቺ መናገሬም ስህተት ነበር» አለች፤ ድምጿ ግምገማ ላይ እንደሚናገር ሰው የተስተካከለ ነበር። «ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። አባ መስቀሉን እንደዘረጉ ነበሩ።