ጊታር በለቅሶ ሳምንት

ጋሽ መዝገቡ የሞቱት በማይሆን ሳምንት ነው። ሄቨን ይህን ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም። ግን ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ከድንኳኑ ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለሰልስቱ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ሰውየው ሰማንያ ዓመት ሙሉ ኖረው አንድ ሳምንት መጨመር እንዴት ያቅታቸዋል?

ግቢው አንድ ነው፤ ለቅሶውም የሁሉም ነው። ድንኳኑ የተተከለው በሟች ደጅና በእነሄቨን ደጅ መካከል ሲሆን፣ አንደኛው ገመድ የታሰረው በእነሄቨን መስኮት ብረት ላይ ነበር። ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ ይዘጋል፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ይጠፋል፤ ጊታርማ ጭራሽ ስሙም አይነሳም። ሐሙስ ከቀብር መልስ፣ ክሮቹ ሥር ካልሲ ወትፋ ጣቶቿን ብቻ ልታለማምድ ስትሞክር እናቷ ወይዘሮ አልማዜ ደረሱባት።

"ጎረቤት ሞቶ ክራር ትመቻለሽ?"

"ጊታር ነው እማዬ። ደግሞ ድምፅ የለውም።"

"ድምፅ ከሌለው ምን ያደርግልሻል?"

ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ።

ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ግን አየር ጤና መገኘት አለባት። ሰብስቤ እዚያ ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ክፍል ለጀማሪዎች ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ፣ በጊታር ያስተምራል። ዛሬ ተማሪው ሁሉ ተራ በተራ ከድራም ጋር አንድ ዙር የሚሞሉትን አሥራ ሁለት ባሮች ሳያቋርጥ ይጫወታል። የተሳካለት በሚቀጥለው ሳምንት ከባንዱ ጋር መለማመድ ይጀምራል። ያልተሳካለት ወይም የቀረ ደግሞ ከአዲስ ገቢዎች ጋር ተቀምጦ ኮርድ አያያዝን ከሀሁ ይጀምራል። ሄቨን ያንን ሀሁ ሁለት ጊዜ ጀምራዋለች፤ ሦስተኛው ይገድላታል።

ችግሯ አንድ ነው። ብሉዙ ረዥም-አጭር፣ ረዥም-አጭር እያለ፣ ከአልጋው መነሣት እንደጠላ ሰው እየተጎተተ ይሄዳል። የእሷ እጅ ግን ኮርዱ የሚለወጥበት አምስተኛው ባር ላይ ሲደርስ ሳታዘው ወደ ችክችካ ይገባል።

"ሄቨን፣ ሠርግ ቤት አይደለሽም!" ይላታል ሰብስቤ በየሳምንቱ። "ትከሻሽን አደብ አስገዢው!"

ምሕንድስና ያጠናችው አጎቷ አጥኚ ስላሏት ነው። አሁን የምትሠራበት ቢሮ የገባችው እናቷ ሰው ስለለመኑላት ነው። ጊታሩን ማንም አላዘዛትም። በሕይወቷ ሳትታዘዝ የጀመረችው እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም አልቻለችበትም።

"ጣትሽን ምን ነካው?" አሉ አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ጉዲቱ። የሽንኩርቱ ውኃ በተላጠው የጣቷ ጫፍ ሲገባ ፊቷን ስታጨማድድ አይተዋታል።

"የጊታር ክር ነው።"

"ጊታር ይነክሳል እንዴ?"

"ለጀማሪ ይነክሳል።"

"ታዲያ ባል ብታገቢ አይሻልሽም? ባል ቢነክስም ሽማግሌ ይገባበታል።"

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን አስታውሰው ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ሄቨን አልሳቀችም፤ ቢላዋዋን አነሣች።

አራት ሆነው ነው የሚከትፉት። ማንም ሳያዛቸው የሦስቱ ቢላዋ አንድ ላይ ገጥሞ፣ መክተፊያው ላይ ያው የታወቀውን ምት ይመታል። ችክ-ችካ፣ ችክ-ችካ። የሄቨን ቢላዋም ተከትሎ ገባ። በራሷ ተናደደችና አቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ረዥም-አጭር፣ ረዥም-አጭር። ሦስት ባር ሳትጨርስ ወደ ችክችካው ተሳበች። እንደገና። አሁንም ተሳበች።

ያን ጊዜ የገባት ነገር፣ እስከ ዛሬ ከችክችካው ለማምለጥ ስትሮጥ መኖሯ ነው። የሮጠ ደግሞ ይደረስበታል። እጇን ሆን ብላ አሰነፈችው። ቢላዋውን ዘግይታ አነሣች፤ ካነሣች በኋላም ትንሽ አቆየችው። አምስተኛው ባር ላይ ትከሻዋ ጠየቃት። ዝም አለችው። ስምንተኛው አለፈ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሳ፣ ዞራ ከመጀመሪያው ገባች።

"ምነው ቢላዋሽ ያነክሳል?" አሉ እትዬ ጉዲቱ። "እንደ ሰው ክተፊ እንጂ! እኔንም አሳትሽኝ እኮ።"

"ማንከስ አለበት፣ እትዬ።"

"ኧረ እቴ! ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ነው።"

ሄቨን ሦስት ዙር ሳትስት ከተፈች። አራት ወር ሙሉ ጊታር ታቅፋ እምቢ ያላት ነገር በሽንኩርት ላይ፣ ያውም ለቅሶ ቤት መጣላት። ለማን ትነግራለች?

ስልኳ ጠራ።

"የት ነሽ?" አለ ሰብስቤ። "ድራም የሚመታው ልጅ ሊሄድብኝ ነው።"

"ለቅሶ ላይ ነኝ።"

"ማን ሞተ?"

"ጎረቤት።"

"ነፍስ ይማር። ትመጫለሽ ወይስ ተራሽን ለሌላ ልስጥ?"

"እመጣለሁ።"

እጇን ታጥባ ቤት ገባች። ጊታሩን ከአልጋ ሥር ጎትታ ስታወጣ እናቷ ከኋላዋ ገብተው ቆሙ።

"በዚህ በር ነው ይዘሽው የምትወጪው? በሰው ሁሉ ፊት?"

"ሌላ በር የለንም።"

"እኔ ነገ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማን ይመስልሻል? ያ አስተማሪሽ?"

ይህ ቀልድ አልነበረም፤ ሄቨንም ታውቃለች። የአባቷ ለቅሶ ጊዜ ሌሊቱን አብረዋቸው ያደሩት እዚህ ድንኳን ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው።

"እማዬ፣ ለሁለት ሰዓት ነው። ቀብር ቆሜያለሁ፣ ንፍሮ ቀቅያለሁ፣ ሽንኩርቱን ጨርሻለሁ። ተመልሼ ደግሞ እስከ ማታ አለሁ።"

"አትሂጂ አልወጣኝም።" ወይዘሮ አልማዜ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ላይ ገፈፉና ጊታሩን እንደ ሕፃን ይጠቀልሉት ጀመር። "ላውንደሪ ልታደርስ ነው እላለሁ።"

"በሰልስት ቀን ላውንደሪ?"

"ላውንደሪ ነውር የለበትም።"

ጥቅሉን አሳቀፏት። አንገቱ በአንድ በኩል ሾልኮ ወጥቷል፤ ሌባ እንኳን እንዲህ አድርጎ አይሸከምም። ሄቨን እናቷን አየቻቸው። አልተቆጡም፤ ፈርተዋል። እሺ ብትል ቀላል ነበር። ግን ዛሬ ብርድ ልብስ ተብሎ ከወጣ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ስም ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውም እንዲሁ።

ጥቅሉን አልጋው ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ብርድ ልብሱን አጥፋ ወደ ቦታው መለሰች። ጊታሩን በማንገቻው ጀርባዋ ላይ አዘለችና በሩን ከፈተች።

ለበሩ በሚቀርበው አግዳሚ ላይ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ዳኛቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው መጀመሪያ እሷ ላይ፣ ቀጥሎ ከትከሻዋ በላይ ብቅ ያለው የጊታር አንገት ላይ አረፈ።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"ጊታር ልማር፣ ጋሼ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ከኋላዋ እናቷ ትንፋሻቸውን ውጠው "ሄቨን!" አሉ።

ዞር አለች። "ድስቶቹን ማንም እንዳይነካቸው፤ ስመለስ እኔ ነኝ የማጥባቸው" አለቻቸውና ወጥታ በሩን ዘጋችው።