የሦስት ወር ብሩሽ

ሲስተር ለተመድህን የጥርስ ነገር ከተነሳ ምሕረት የላትም። ሓድነት ሰፈር ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየሦስት ወሩ ትሄዳለች፤ ከጀሶ የተሠራውን ትልቅ መንጋጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ፀጉሩ የተንጨባረረ ብሩሽ ድድ ያደማል! ሦስት ወር! ከዚያ ወደ ቆሻሻ!» ስትል ክፍሉ ዝም ጭጭ ይላል። ሕጓም አንድ ነው፤ አሮጌውን ያላስረከበ አዲስ አይሰጠውም።

እሷ ግን፣ ወይ ጉድ! ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኼ ነው። ብቻዋን በምትኖርበት ቤት፣ መታጠቢያው ላይ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ብሩሽ አለ። አንደኛው የልጇ የሓየሎም ነው። ጦርነቱ የተነሳ ሰሞን «አደይ፣ እናቴ፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። መርዶ የለ፣ ቀብር የለ። ብሩሹን ልትጥል ስንት ጊዜ አንስታ ስንት ጊዜ መለሰችው! ከጣለችው ልጇን በገዛ እጇ የቀበረችው ይመስላታል። «እርምሽን አውጪ» ያሏትን ጎረቤቶች ተቀይማ ደጅ መቀመጥ ትታለች። ማታ ማታ የምታወራው ከሬዲዮኗ ጋር ነው።

በጥር ወር፣ አንድ ረቡዕ፣ ሦስተኛ ክፍሎች ተሰልፈው አሮጌ ብሩሽ ሲያስረክቡ ተራው ረምላ ጋ ደረሰ። ረምላ የወሎው ነጋዴ የአብዱልወዱድ ልጅ ናት። አባቷ ሸቀጥ ሊያመጣ ኮምቦልቻ እንደሄደ መንገድ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ልጅቷ ሁለት ብሩሽ ዘረጋች።

«ሁለተኛው የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«አባትሽ መጡ እንዴ?» ሲስተር ልቧ ዘለለ።

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ ጓለይ፣ ልጄ? ይቀመጥላቸው እንጂ» አለች፤ ያቺ የሕግ ሰው!

ረምላ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየቻት። «ሦስት ወር ያሉን እርስዎ አይደሉ? አባቴ ሲመጣ በአሮጌ ሊቦርሽ ነው? እናቴ ሁልጊዜ ከሱቅ እየገዛች ትቀይርለታለች። ዛሬ ግን ከሲስተር አምጪለት አለችኝ።»

ለተመድህን ክው አለች። እነሱ የአባወራቸውን ብሩሽ ሲቀይሩ፣ እሷ የልጇን አቧራ ስታስጠጣ ኖራለች! ሁለት አዲስ ብሩሽ ሰጠቻት፤ ለአባትየው ሰማያዊውን መርጣ።

ከተረፉት አንዱን፣ ቀዩን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እቤቷ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ የሓየሎምን ብሩሽ አነሳች። ፀጉሩ ደርቆ ተሰባብሯል። ከቆሻሻው ጨመረችው፤ እንባዋም አብሮ ዱብ ዱብ አለ። ቀዩን በቦታው አቆመችው።

«ሞተ አላልኩም እኮ ልጄ፣ አረጀ ብዬ ነው» አለች ጮክ ብላ።

ከግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጠች፤ ሦስት ወር ቆጠረችና ሚያዝያን በእስክሪብቶ አከበበችው። ያኔም ካልመጣ ሌላ ትቀይርለታለች።