ከወንበር ሥር የወጣው ታንከር

የዘይኑልአቢዲን ፒካፕ ደጋን ላይ ጡሩምባዋ ሲነፋ ደሴ ላይ ዶሮ ከቆጥ ይወርዳል። ቀለሟ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ሰማያዊ መሆኗን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያልጫነችው ነገር የለም፤ ጤፍ ጭናለች፣ ግመል ጭናለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሠርግ ከነድንኳኑ ጭና ቢስቲማ ወጥታለች። ይህን የሚናገረው ራሱ ዘይኑ ነው፤ ይሁን እንጂ ፊት ለፊት ቆሞ ሐሰት ነው ያለው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ነውር ብቻ ነበረባት። የነዳጅ ታንከሯ ከድሮም የተሠራው ጋቢናው ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ቤንዚን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ሽታው ከልብሱ ቢለቅ ከጉሮሮው አይለቅም። የዘይኑ ባለቤት ቢልቂስ ገና ሙሽራ ሳለች አንድ ጊዜ ተቀምጣበት ሐረጎ ዳገት ላይ አስመለሳት። ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ ደሴ የምትወጣው በሚኒባስ ነው። ባልና ሚስት ለቅሶ ሲሄዱ እሷ በሚኒባስ ከፊት፣ እሱ በፒካፑ ከኋላ። ሰው “ተጣልታችኋል እንዴ?” ብሎ መጠየቁንም ትቶታል።

ዘይኑ ግን ያንን ሽታ ይሠራበት ነበር። የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጅ ከሞተ ዘመን የለውም፤ እሱም አላስጠገነውም። “አፍንጫዬ እያለ ጌጅ ምን ያደርግልኛል?” ይላል። ታንከሩ ሲሞላ ሽታው አናት ይመታል፤ ሲጋመስ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ሊያልቅ ሲል ጣፈጥ ይላል። እንዲህ እያሸተተ ሲነዳ መንገድ ላይ ነዳጅ አልቆበት አያውቅም። ይኼ እንኳ እውነት ነው።

ደሴ ሆጤ የተዳረችው ልጃቸው መርየም ሴት ልጅ ወለደች። ዘይኑ ለአቂቃው፣ ለሕፃኗ የልደት ድግስ የሚታረደውን በግ እኔ አመጣለሁ ብሎ ለአማቹ፣ ለመርየም ባል ለሙዓዊያ ቃል ገባ። በዚያ ቢያቆም ጥሩ ነበር። “እኔና ቢልቂስ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በጉን ከኋላ ጭነን፣ በፒካፓችን ግቢያችሁ እንገባለን” አለው በስልክ።

ቢልቂስ እየሰማች ነበር። “ማን ነው ጎንህ የሚቀመጠው?” አለችው ስልኩን ሲዘጋ።

“አንቺ ነሻ።”

“ቤንዚኑ ላይ?”

“አስነሳልሻለሁ። ወላሂ።”

“እንግዲህ ምለሃል። ትንሽ ከሸተተኝ ወርጄ ሚኒባሴን ነው የምይዝ፤ አማቾችህ ፊት ብቻህን ትገባለህ።”

ኮምቦልቻ ውስጥ አሞጽ የሚባል መካኒክ አለ፤ ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ሲናገር ይነክሳል። ፒካፗን አንዴ ዞራት። “ጋሽ ዘይኑ፣ እኔ ልሥራት ወይስ ሙዚየም ልደውል?”

“አክብራት። እናትህ አንተን ስታምጥ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ይቺ ናት።”

“እናቴ የወለደችኝ እቤቷ ነው።”

“አዎ፤ ደርሳ ተመለሰች።”

አሞጽ ወንበሩን ነቀለ፣ ታንከሩን አወጣ፣ በሚበይድበት ጊዜ እንዳይፈነዳበት ደጋግሞ በውሃ አጠበው። ከዚያ ከዕቃ መጫኛው ሥር፣ በሁለቱ የሻንሲ ብረቶች መካከል አስቀምጦ በብረት ማቀፊያ አሰረው። ቱቦውን አስረዝሞ እስከ ሞተሩ ወሰደው፤ የመሙያውን አፍ በጎን አወጣው፤ የወንበሩን ሥር በላሜራ ደፈነ። መጨረሻ ላይ ሽቦ ይዞ መጣ።

“ጌጁን ላገናኘው? አዲስ አለኝ።”

“አያስፈልግም።”

“ታንከሩ እኮ ራቀ፣ ጋሽ ዘይኑ።”

“አፍንጫዬን አታውቀውም። ቢስቲማ ሽሮ ሲንተከተክ እዚህ ሆኜ ጨው መብዛቱን እነግርሃለሁ።”

አሞጽ ሽቦውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ዘይኑ ታንከሩን አስሞልቶ እስከ አቂቃው ዋዜማ ኮምቦልቻን ሲዞር ሰነበተ። የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ወንበሩ ላይ እያስቀመጠ “እስቲ አሽትት” ይላል። ከተማው በሙሉ አሸተተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአቂቃው ዕለት ጠዋት በጉ ከኋላ ታሰረ። ቢልቂስ በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች፤ አሸተተች። ወንበሩን ቀና አድርጋ አሸተተች። ከዚያ ተቀመጠች። ከከተማው ሲወጡ ደግማ አሸተተች።

“አይሸትም” አለች በመጨረሻ።

“ድገሚው።”

“መንዳትህን ንዳ።”

ዘይኑ ራሱም አሸተተ። ምንም የለም። ከደስታው ብዛት ምንም የለም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላሰበበትም።

ሐረጎ ዳገት እኩሌታ ላይ ፒካፗ አንዴ አሳላት፣ ደግሞ አሳላት፣ ቀጥ አለች።

“ምን ሆነች?”

“ዳገቱ ነው። ትንሽ ትተንፍስ።”

“መኪና ይተነፍሳል?”

“የኔዋ ትተነፍሳለች።”

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ነካካ፤ ጎማውን ረገጠ። ቢልቂስም ወረደች። ከመንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ጭራሮ ሰበረች፣ የታንከሩን ክዳን ከፈተች፣ ጭራሮውን እስከ ታች ሰደደችና አወጣችው። ደረቅ ነው። ለባሏ አቀበለችው።

“ታንከሩን ስታዛውር አፍንጫህንም አብረህ ማዛወር ነበረብህ።”

ዘይኑ ጭራሮውን አሸተተው። “ሊያልቅ ነው” አለ።

“አልቋል።”

ወዲያው ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ አይቷቸው ቆመላቸው። ረዳቱ ቢልቂስን ያውቃታል። “እትዬ ቢልቂስ፣ አንድ ሰው ቦታ አለኝ፤ ይግቡ።”

ዘይኑ መሬት መሬቱን አየ። ቢልቂስ በጉን አየች፣ ወንበሩን አየች።

“እሱን ውሰደው። ነዳጅ ይዞ ይምጣ።”

“አንቺስ?” አለ ዘይኑ።

“እኔማ መኪናዬ ላይ ነኝ። አብሽር፣ ሂድ።”

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጎረቤት አገኘው። “ዘይኑ፣ ዛሬ በሰው መኪና?”

“ፒካፑን ለቢልቂስ ሰጥቻታለሁ” አለ።

ደሴ መግቢያ ያለው ማደያ በዕቃ አንቀዳም አለው። ከአንድ የባጃጅ ሾፌር በሃይላንድ ጠርሙሶች ቤንዚን ለምኖ ገዛ፤ ታቅፎም ወደ ሐረጎ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈረ። የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ላልቶ ኖሮ በየመታጠፊያው ሱሪው ላይ ይፈሳል። “ኧረ መስኮት ክፈቱ” አለች አንዷ። “ሰውዬው ታንከር ነው እንዴ?” አለ ሌላው። ቁልቁለቱ ላይ ዘይኑ ራሱ መስኮቱን ከፈተ። ያ ቢስቲማ ድረስ የሚያሸት አፍንጫ በመስኮት ወጥቶ አየር ለመነ።

ሲደርስ ቢልቂስ ወንበሯ ላይ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ በጉ ያጨደችለትን ሣር ይበላል። ቤንዚኑን ገለበጠ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ጋቢናው ወዲያው በቤንዚን ሽታ ተሞላ። ዘይኑ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

“ሚኒባስ ላስቁምልሽ?” አለ ቀስ ብሎ።

ቢልቂስ አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና መስኮቱን አወረደች። “የወንበሩ አይደለም፤ የሱሪህ ነው። ያንተንማ ሳገባህ ነው የቻልኩት። ንዳ።”

ሆጤ ሲደርሱ ጡሩምባውን ነፋው፤ ግቢው በሙሉ ወጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲገቡ ሙዓዊያ በር ላይ ተቀበላቸው።

“ዘገያችሁሳ፤ በሰላም ነው?”

“ሐረጎ ላይ ነዳጅ ያለቀበት አንድ ምስኪን አገኘን” አለ ዘይኑ። “ጥሎ መምጣት ከበደን።”

ቢልቂስ የበጉን ገመድ እየፈታች ነበር።

“ወላሂ እውነቱን ነው” አለች። “በጣም ምስኪን ነበር።”